አዝዞ ሳይከፍል ለቀረ ደንበኛ፦ ሲረከብ መክፈል፣ ሙሉ ቅድመ ክፍያ፣ ቀብድ ወይስ ማገድ?

በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ደንበኛ አለ። «ያዙልኝ፣ ነገ እወስደዋለሁ» ይላል፤ ይነጋል፣ አይመጣም። በሌላ ሳምንት ሌላ ዕቃ ያይና አድራሻውን ይልካል፤ ሞተረኛው ገርጂ ደርሶ ሲደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ከወር በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ይሄ ጫማ 42 ቁጥር አለ?» ብሎ ይጽፋል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ይህንን ሦስተኛውን መልእክት ነው፤ ማለትም ከዚህ በፊት አዝዞ ያልከፈለ ሰው እንደገና ሲያዝ ሻጩ በእጁ ያሉትን አማራጮች እንዴት እንደሚያመዛዝን ያሳያል።

እንደ ኢቤይ ባሉ የውጭ መገበያያ መድረኮች የዚህ ጥያቄ ግማሽ የሚመለሰው በመድረኩ ራሱ ነው። ገዢው ለመክፈል 4 ቀናት ይሰጡታል፤ ቀኑ ካለፈ ሻጩ «ገዢው አልከፈለም» በሚል ምክንያት ሽያጩን ይሰርዛል፤ ስረዛውም በገዢው ስም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሻጩ ከፈለገ፣ ለምሳሌ በ12 ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳይከፍል የቀረ ገዢ ዕቃውን ጨርሶ እንዳያዝ አስቀድሞ ሊከለክል ይችላል፤ ቋሚ ዋጋ ባላቸው ዕቃዎች ላይ ደግሞ ክፍያው ወዲያውኑ ካልተፈጸመ ሽያጩ እንዳይጸና ማድረግ ይቻላል። የመድረኩ ሻጮች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ገዢዎች አሉታዊ አስተያየት መስጠት ስለማይችሉ፣ ይህ የስረዛ ቆጠራ ካሏቸው መከላከያዎች ዋነኛው ሆኗል።

በቴሌግራም ላይ ግን የሚቆጥርም የሚዳኝም የለም። የደንበኛውን የኋላ ታሪክ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ እሱም ከመዘገበው ነው። ስለዚህ ከአማራጮቹ በፊት ስለ መዝገቡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

መዝገቡን በምን ስም መያዝ?

የቴሌግራም መጠሪያ ስም በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ ስልክ ቁጥሩንም ባለቤቱ ሊደብቀው ይችላል። በግል ውይይት ውስጥ ደግሞ አንደኛው ወገን መልእክቶቹን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል፣ ትናንት «እሺ፣ ላኩልኝ» ያለበት ጽሑፍ ዛሬ ላይኖር ይችላል። በመሆኑም መዝገቡ መያዝ ያለበት ለሞተረኛው በተሰጠው ስልክ ቁጥር ነው፤ ትዕዛዙ የተረጋገጠበትም መልእክት በስክሪንሾት መቀመጥ አለበት። አንድ ደብተር ወይም በስልክ ላይ ያለ ቀላል ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ ዕቃ፣ የሆነው ነገር፣ የወጣው ወጪ።

«የሆነው ነገር» በሚለው አምድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ጠይቆ፣ ያዙልኝ ብሎ፣ ከዚያ ዝም ያለ ሰው ያስከተለው ጉዳት ዕቃው ለአንድ ሁለት ቀን ከገበያ መውጣቱ ብቻ ነው። ሞተረኛው ከመነሣቱ በፊት ደውሎ «ይቅርታ፣ አልተመቸኝም» ያለውማ ምንም ያጠፋው ነገር ስለሌለ በመዝገቡ ላይ መግባት የለበትም። ሞተረኛው በር ድረስ ሄዶ የተመለሰበት ግን በብር የሚቆጠር ኪሳራ አድርሷል። ዕቃውን አይቶ «ፎቶው ላይ ያለው ቀለም ይሄ አይደለም» ብሎ የመለሰ ደንበኛም ሊኖር ይችላል፤ እውነቱን ከሆነ ጥፋቱ የሻጩ ስለሆነ፣ እሱን ከማይከፍሉት ጋር መደመር ፍርደ ገምድልነት ነው። የተጭበረበረ የክፍያ ማረጋገጫ የላከ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ አጭበርባሪ ነው እንጂ ሳይከፍል የቀረ ደንበኛ ሊባል አይችልም፤ ከዚህ በታች ካሉት አማራጮችም ለእሱ የሚሠራው ማገድ ብቻ ነው።

ሲረከብ እንዲከፍል መፍቀድ

አንድ ጊዜ የቀረን ደንበኛ እንደገና በዚህ መንገድ ማስተናገድ የዋህነት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይልም። አንድ ጫማ ሲሸጥ 500 ብር ይተርፋል እንበል፤ ዕቃው ሳይሸጥ ሲመለስ ለሞተረኛው የደርሶ መልስ 400 ብር ይከፈላል እንበል። ከሁለት ትዕዛዝ አንዱ ቢመለስ እንኳን ሻጩ 100 ብር ይተርፈዋል። ትርፉ 150 ብር ብቻ የሆነ የስልክ መሸፈኛ ከሆነ ግን፣ ከአራት ትዕዛዝ አንዱ ሲመለስ የሚቀረው 50 ብር ነው፤ ከሦስት አንዱ ሲመለስ ደግሞ 100 ብር ይከስራል። እንግዲህ ለአንድ ደንበኛ ሁለተኛ ዕድል መስጠት አለመስጠት ከባሕርይው እኩል በዕቃው ትርፍ ላይ ይመሠረታል ማለት ነው።

ይህ ስሌት የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ከአንድ ሞዴል አንድ ፍሬ ብቻ የቀረ ከሆነ፣ ዕቃው በሞተር ላይ እየዞረ ሳለ እውነተኛ ገዢ መጥቶ ሊሄድ ይችላል። በብዛት ያለ ዕቃ ላይ ይህ ስጋት አይኖርም። ስለዚህ ሲረከብ መክፈል ለነባር ጥፋተኛ የሚፈቀደው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦ ትርፉ ከደርሶ መልሱ ዋጋ ሲበልጥ፣ ዕቃው ሌላ ሲኖረው፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን። ሞተረኛው ከመነሣቱ በፊት መደወል ግዴታ ይሁን፤ መልእክት አይበቃም፣ ድምፁ ይሰማ። ስልክ ካላነሳ ዕቃው ከሱቅ አይወጣም።

ዱቤን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም ነበር፤ ይሁንና «ሰኞ ደመወዝ ሲገባ እልክልዎታለሁ» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚመጣ መልሱ አጭር ነው። ቀርቶ ለሚያውቅ ሰው ዕቃ አስረክቦ ገንዘቡን መጠበቅ ምርጫ አይደለም። ጉዳዩ በእርግጥ የገንዘብ እጥረት ብቻ ከሆነ፣ ቴሌብር እንደ «እንደኪሴ» ያለ፣ ሒሳብ ሲጎድል ክፍያን የሚያሟላ የብድር አገልግሎት አለው፤ አበዳሪው ሌላ ሆኖ ሻጩ ገንዘቡን ዛሬ ይቀበላል።

ሙሉ ቅድመ ክፍያ

ለሻጩ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ለገዢው ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም። ገንዘብ ተቀብለው ብሎክ የሚያደርጉ የሐሰት ሱቆች በበዙበት ገበያ፣ ቋሚ አድራሻ የሌለው ቻናል «መጀመሪያ 8,000 ብር ያስገቡ» ሲል ጨዋው ገዢ ቀድሞ ይሸሻል። ሙሉ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ የሚያምርበት ሰው ሊገኝበት የሚችል ሱቅ ያለው፣ በስሙ የንግድ ፈቃድ ያለው፣ ገንዘቡም በግለሰብ ዘመድ ስም ሳይሆን በንግዱ ስም በተከፈተ ሒሳብ የሚገባለት ነው። ወደ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ በሚላክ ዕቃ ላይ ግን ሌላ መንገድ እምብዛም የለም፤ ሐዋሳ ወይም ደሴ ደርሶ ሳይወሰድ የቀረ ዕቃን ማስመለስ አንዳንዴ ከዕቃው ትርፍ በላይ ያስወጣልና።

ክፍያው መግባቱን ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ገዢው የላከው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ በስልክ መተግበሪያ በደቂቃ ሊሠራ ይችላል። ሻጩ ማየት ያለበት የራሱን ሒሳብ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ቁጥር የመጣ «ተቀብለዋል» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም፤ ከ127 የመጣ ቢመስልም እንኳን ቀሪ ሒሳብን ከፍቶ ማየት ይሻላል። የባንክ ዝውውር ከሆነ ደግሞ የግብይት ቁጥሩን ተቀብሎ ከራስ ሒሳብ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ለሞተረኛው የሚሰጠው ትእዛዝም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ ደንበኛው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ልኬያለሁ» ቢለውም፣ ሻጩ ራሱ ደውሎ «ገብቷል» ሳይል ዕቃው አይሰጥም። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቀን እውነተኛው ከፋይም ውሸታም ሊመስል ስለሚችል፣ ሞተረኛው ጥሬ ገንዘብ እንዲቀበል አስቀድሞ መፍቀድ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቀብድ

በእኔ ግምት፣ ከዚህ በፊት ለቀረ ደንበኛ በአብዛኛው የሚስማማው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛው ከፍተኛ ገንዘብ አደጋ ላይ እንዲጥል አያስገድደውም፣ ሻጩም ያለ ዋስትና አይቀርም። ለመግዛት ያልቆረጠ ሰው 400 ብርም አይልክም። «ቀብድ ላኩ» የሚለው መልእክት ብቻውን ከሦስት ቀን ጥበቃ የበለጠ እውነቱን ያወጣል።

ስንት ይሁን? ብዙ ሻጮች በዘፈቀደ የዋጋውን ግማሽ ወይም ሩብ ይላሉ። የሚሻለው መለኪያ ደንበኛው ቢቀር የሚደርሰው ኪሳራ ነው። በከተማ ውስጥ ለሚላክ ዝግጁ ዕቃ፣ የሞተረኛው የደርሶ መልስ ዋጋ ይበቃል፤ የጫማው ዋጋ 3,200 ይሁን 6,000 ብር፣ ኪሳራው ያው ስለሆነ ቀብዱም ያው ነው። በልክ የሚሰፋ የሀበሻ ልብስ ከሆነ ግን ጨርቁ አንዴ ከተቆረጠ ለሌላ ሰው ስለማይሆን፣ ቀብዱ ቢያንስ የጨርቁንና የጥለቱን ዋጋ መሸፈን አለበት። ስም የተጻፈበት የልደት ኬክ ደግሞ በማግስቱ የሚገዛው የለም፤ እዚያ ላይ የጠቅላላ ወጪውን ያህል መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀብድ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ሕግም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የመጨረሻውን ሐረግ ሻጮች ልብ ሊሉት ይገባል። 400 ብር ቀብድ ተቀብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሌላ ሰው ያንኑ ዕቃ የሸጠ ሻጭ፣ ለመጀመሪያው ደንበኛ 800 ብር ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቀብድ የሚቀበለው ዕቃውን ከመደርደሪያ አንሥቶ ስም ለጥፎ ለብቻው ማስቀመጥ የሚችል ሰው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ መልእክት በዚህ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ስለሚያደርግ፣ በቴሌግራም የተደረገ ስምምነትም ተጽፎ መቀመጡ ጥቅም አለው።

ከጭቅጭቅ የሚያድነው አጻጻፉ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። 42 ቁጥር ጥቁሩ ጫማ አለ፤ ዋጋው 3,200 ብር ነው። ከዚህ በፊት የላክንልዎት ዕቃ ሳይረከቡት ስለተመለሰ፣ ለዚህኛው 400 ብር ቀብድ እንጠይቃለን። ቀብዱ ከዋጋው ይቀነሳል፤ ሲረከቡ የሚከፍሉት 2,800 ብር ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ ማታ እናቆይልዎታለን። ሳይወስዱ ከቀሩ ቀብዱ ለመላኪያ ወጪ ይውላል፤ ዕቃው በፎቶው ላይ እንዳለው ካልሆነ ግን ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለስልዎታል።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ወቀሳ የለም፤ የሆነው ነገር ብቻ ተነግሯል። ሐሙስ የሚለው ቀን መኖሩ አስፈላጊ ነው፤ ቀነ ገደብ የሌለው ቀብድ ዕቃውን ላልተወሰነ ጊዜ ያስረዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ደንበኛው የሚፈራውን ነገር ይመልሳል፤ እሱ ከሌለ ቀብዱ ቅጣት ይመስላል። ደንበኛው ተቆጥቶ «እኔን አታምኑም?» ቢል፣ በመዝገቡ ላይ ያለውን ቀንና ዕቃ ጠቅሶ በትሕትና መመለስ ይበቃል። ብዙዎቹ ቀኑ ሲነገራቸው ያስታውሱታል።

መጥተው ይውሰዱ

ሱቅ ላለው ሻጭ ይህ ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው፦ ዕቃው አለ፣ ቦሌ ወይም መርካቶ ያለው ሱቃችን ድረስ መጥተው ይውሰዱ፣ እስከዚያው ግን አንይዝም። «አንይዝም» የሚለው ቃል ካልተጨመረ ግን የያዙልኝ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ከቤቱ ሆኖ ለሚሸጥ ሰው፣ በተለይም ብቻዋን ለምትሠራ ሴት፣ በመዝገቧ ላይ ጥፋት ያለበትን የማታውቀውን ሰው ወደ መኖሪያዋ መጥራት አይመከርም፤ ሰው በሚበዛበት ካፌ ወይም የገበያ ማዕከል መገናኘት ይሻላል።

ማገድና ስም ማውጣት

ብሎክ ማድረግ ቀላል ስለሆነ ያለ ልክ ይደረጋል። አንድ ጊዜ የቀረን ሰው ማገድ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በሌላ ስልክ ቁጥር፣ በእህቱ ወይም በጓደኛው አካውንት ተመልሶ ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ መዝገቡ አያውቀውም። በስሙ እያለ ቀብድ መጠየቅ ከዚህ የተሻለ ነው። እገዳ የሚገባቸው ሁለት ናቸው፦ የሐሰት የክፍያ ማረጋገጫ የላከ፣ እንዲሁም ሞተረኛውን ወይም ሻጩን የተሳደበና ያስፈራራ። የቀብድ መልእክት ደርሶት ሳይመልስ በየሳምንቱ «ያዙልኝ» የሚል ሰውን ማገድ አያስፈልግም፤ መልስ አለመስጠት በቂ ነው።

ከማገድ አልፎ የደንበኛውን ስም፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር «ከዚህ ሰው ተጠንቀቁ» ብሎ በቻናል ላይ መለጠፍ፣ ወይም ሻጮች በሚሰባሰቡበት ግሩፕ ውስጥ የጥፋተኞች ዝርዝር መለዋወጥ አንዳንድ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው። ቁጣው ይገባል፤ አካሄዱ ግን አደገኛ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ነገር ማሠራጨትን በአቤቱታ የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ በሕግ ሥር አግብቷል። ለዕቃ ማድረሻ ተብሎ የተሰጠ ስልክ ቁጥር ለሌላ ዓላማ በአደባባይ ሲወጣ፣ በ400 ብር ምክንያት ሻጩ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ አንዴ የገባ ስም የሚያጠራው የለም፤ ሲም ካርዱን በኋላ የገዛ ሌላ ሰው በማያውቀው ጥፋት ዕቃ ይከለከላል። የራስ ደብተር ለራስ ብቻ ይሁን።

ለየትኛው ምን?

አንድ ጊዜ ለቀረ ደንበኛ፣ ዕቃው በብዛት ካለና ትርፉ ከመላኪያው ከበለጠ፣ ደውሎ በማረጋገጥ ሲረከብ እንዲከፍል መፍቀድ ይቻላል። ሁለት ጊዜ ከቀረ፣ ወይም ዕቃው አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ትርፉ ትንሽ ከሆነ ቀብድ ይጠየቅ። ወደ ክፍለ ሀገር ለሚላክ፣ በልክ ለሚሠራና ለሚበላሽ ነገር ሙሉ ክፍያ ወይም ወጪውን የሚሸፍን ቀብድ ካልገባ ሥራው አይጀመር። ቀብድ ከፍሎ በትክክል የተረከበ ሰው ደግሞ በመዝገቡ ላይ ይጻፍለት፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረገ ወደ ቀድሞው ቦታው ይመለስ፤ ያለፈ ዓመት ጥፋትም ለዘላለም መቆጠር የለበትም፤ ኢቤይም ቢሆን የሚቆጥረው በወራት ገድቦ ነው።

ይህ ሁሉ በበዓል ሰሞን ጠበቅ ይላል። ከእንቁጣጣሽ ወይም ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ልብስና ጫማ በቀን ውስጥ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ለአንድ «ያዙልኝ» የተቀመጠ ዕቃ እውነተኛ ገዢን ያስመልሳል፤ የበዓሉ ማግስት ደግሞ ያው ዕቃ ዋጋው ይወርዳል። ሞተረኞችም በዋዜማው ሥራ ስለሚበዛባቸው ዋጋ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ በሌላ ጊዜ 400 ብር የነበረው ቀብድ በዚያ ሳምንት እንደገና መሰላት አለበት፤ የማቆያ ጊዜውም ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ይጠር። ይህ ለውጥ ለሁሉም ደንበኛ እኩል በቻናሉ ላይ አስቀድሞ ከተለጠፈ፣ ከዚህ በፊት የቀረውም ሰው ተለይቶ እንደተነካ አይሰማውም።